በአንድ አጥር የተለያዩ ሁለት ቤቶች

ናዝሬት፣ ጥር 13 ቀን 1976 ዓ.ም.

እኔ ወይዘሮ ጥሩነሽ ባጫ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ ሥራዬ ፍራሽ መስፋት፣ ነዋሪነቴም በዚሁ በናዝሬት ከተማ የሆነ፣ በፈጣሪዬ ፊት፣ ቀጥሎም ስማቸው ከታች በሚጻፈው በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ፈቃዴን አስጽፌአለሁ። ሰውነቴ ገና አልጠናም፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ወትሮም ምላሴ ሰው አስቸግሮ እንደሆነ እንጂ አእምሮዬ አስቸግሮኝ አያውቅም። ያስገደደኝ የለም፤ ያባበለኝም የለም። እንዲያውም ያማከርኳቸው ሁሉ እግዚአብሔር ካዳነሽ በኋላ ምን ኑዛዜ ያስፈልግሻል ብለው ሊያስተዉኝ ሞክረዋል። መዳኔን እኔም አውቃለሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደዳንኩ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም፤ ሐኪሙን ብጠይቀው እርሱም በጣቱ ወደ ሰማይ አሳየኝ።

ይህን የሚጽፍልኝ አቶ ደሊል ነው። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ገና ሲጀምር ከወረቀቱ ራስ ላይ "ኢትዮጵያ ትቅደም" ተብሎ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ትቅደም፣ እኔ ወደምሄድበት የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም አልኩት፤ ሳይጽፈው ቀረ። ቃሌንም እያሳመረ ሊለውጥብኝ ስለሚሞክር፣ የሕጉን ቃል እርሱ እንደሚያውቀው፣ የእኔን ቃል ግን እንዳልኩት እንዲጽፍ ተስማምተናል።

ይህ ኑዛዜ እኔ ሳልሞት እንዳይከፈት አዝዣለሁ። የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረወልድ ይዘውት ይቆያሉ። ቀደም ብሎ የተከፈተ እንደሆነ በሕይወት ያለ ሰው ይታሰርበታል። ምክንያቱ ከዚህ በታች ተጽፏል።

አንደኛ፤ ስለ ሕመሜ።

አቶ ደሊል ሕመም የኑዛዜ አንቀጽ አይሆንም ይላል። እኔ ግን ያለ እርሱ የቀረው ቃሌ ፍሬ የለውም ብዬ አስጽፌዋለሁ። ባለፈው ኅዳር፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ግቢዬ ውስጥ ጥጥ በዱላ እየመታሁ ሳለሁ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተጠምዝዞ ቆመ። ምጥ አውቃለሁ፤ ወልጃለሁ። ምጥ እየሄደ ይመጣል፤ ይህ መጥቶ አልሄደም። ወዳጄ ሸዋወርቅ ጩኸቴን ሰምታ ስትደርስ መሬት ላይ ስንከባለል፣ ጥጡ ሁሉ ፊቴ ላይ ተለጥፎ አገኘችኝ። ከአጥሩ ማዶ አብተው መጣ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አብዱልመናን፣ ከአሰብ ገብቶ ተኝቶ የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር፣ በሽርጡ እንዳለ ሮጦ ደረሰ። ጨርሼ ያቆየሁትን አንድ ፍራሽ መኪናው ላይ አንጥፈው ጫኑኝ። የነፃ ሕክምና ወረቀት እንዲያስጨርስልን የቀበሌው አብዮት ጥበቃም አብሮን ተሳፈረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲያወርዱኝ እግሬን የያዘው እርሱ ነበር።

ሐኪሙ ሆዴን ነካ ነካ አደረገና አንጀቷ ተጠምዝዟል፣ አሁኑኑ ካልተከፈተች አታድርም አለ። አታድርም ሲል እየሰማሁት ነው። ነርሷ ወረቀት ይዛ መጥታ የሚፈርም የቅርብ ዘመድ ማን እንደሆነ ጠየቀች። አብተው ጫማዬን በእጁ ይዞ ከአጠገቤ ቆሟል።

"አባት፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?" አለችው።

አብተው ዞሮ አብዮት ጥበቃውን አየው። ሰውየው ወደኛ እንኳ አላየም፤ ግድግዳ ተደግፎ ላቡን ይጠርግ ነበር።

"ጎረቤት ነኝ" አለ አብተው።

ሕመሙ ዓይኔን ጋርዶት ነበር፤ ጆሮዬን ግን አልጋረደውም። አብተው ተክለሃይማኖት ባሌ ነው። በቁርባን የተጋባን፣ ልጅ ወልደን አሳድገን የዳርን ባልና ሚስት ነን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሉ የለ? ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተረት እሰድበው ነበር። አብተውን ግን አልሰድበውም፤ ያቺን ቃል ለዓመታት አብረን ያጠናናት እኛው ነን።

ነርሷ ብዕሩን ይዛ ስትቆም አብዱልመናን ወደፊት መጣና ወንድሟ ነኝ አለ። ልጅቷ በግንባሬ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት አየች፤ የእርሱን ቆብ አየች፤ ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት። በአባት ነው በእናት ስትለው በእናት ነው አለ። ፈረመ፤ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ከእምብርቴ በላይና በታች ተሰፍቼ ነበር። ስፌቱን አይቼዋለሁ፤ እኔ ብሆን እንዲያ አራርቄ አልሰፋም ነበር፤ ሆኖም ይዟል።

ሁለተኛ፤ ባሌ እንዴት ጎረቤቴ እንደሆነ።

ይህን የምኖርበትን ቤት የሠራው አባቴ ባጫ ፉፋ ነው። ከሉሜ መጥቶ፣ ጭቃውን በእግሩ ረግጦ፣ ማገሩን በእጁ አስሮ ሠራውና ስዳር ለእኔ ሰጠኝ። ከጎኑ ያለውን ቤት ደግሞ አብተው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሳለ ከደመወዙ እየቆጠበ ሠራው። የምንኖረው በአብተው ቤት ነበር፤ የአባቴን አከራይተነው ነበር። በ1967 ክረምት አንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው አዋጅ ወጣ። ትርፉ ቤት የመንግሥት ይሆናል ተባለ። የአባቴ ቤት ሊሄድ ሆነ።

መላው ቀላል መሰለን። ባልና ሚስት ከተፋቱ ሁለት ቤተሰብ ናቸው፤ ለሁለት ቤተሰብ ሁለት ቤት ይፈቀዳል። ያን ክረምት እንደኛ ያደረጉ ጥቂት አልነበሩም። ሐሳቡ ያንቺ ነው ይላል አብተው፤ እኔ የእርሱ ነው እላለሁ። የፍቺውን ወረቀት የጻፈልን ይኸው ደሊል ነው፤ እርሱ ደግሞ የሁለታችሁም ነበር፣ አንዳችሁ ስታቋርጡት ሌላችሁ ትጨርሱት ነበር ይላል። ሽማግሌ አስቀመጥን። ለመፋታት ምክንያት ይጠየቃልና አብተው ሲያንኮራፋ አያስተኛኝም አልኩ። እርሱም ምላሷ አላስቀምጠኝ አለ አላቸው። የእርሱን ሳይጠራጠሩ ተቀበሉት። ከሽማግሌዎቹ ፊት ወጥተን መንገድ ላይ ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። እስኪረጋጋ ድረስ ነው፣ ቢበዛ ለስድስት ወር ነው ተባብለን ነበር።

በሁለቱ ቤቶች መካከል አጥር አጠርን፤ በጓሮ በኩል ትንሽ በር ተውን። ሰው ሳያየን በዚያች በር እንገናኝ ነበር። ቤት የሚቆጥሩ የቀበሌ ሰዎች መጥተው በሯን አዩና አንደኛው እየሳቀ የተፋታ ሰው የጓሮ በር ምን ያደርግለታል አለ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አላወቅንም። አብተው በዚያው ቀን ሚስማር ይዞ እንዳትከፈት በሯን መታት። እኔ ከዚህ ወገን ቆሜ ድምፁን ሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ በላይኛው ሰፈር እንደኛ ያደረጉ ባልና ሚስት ተደረሰባቸው፤ ሁለቱም ቤት ተወሰደ፤ ሰውየው ታሰረ። ከዚያ ወዲያ በሯን ስለ መክፈት ማንሳት ተውን።

ስለዚህ አብተው በመንገድ በኩል ዞሮ፣ እንደ ማንኛውም ሰው በሬን አንኳኩቶ ይመጣል። በፊት አንተ እለው ነበር፤ ሰው ባለበት አንቱ ማለት ጀመርኩ። እርሱም ወይዘሮ ጥሩነሽ ይለኛል። ዕድራችን የፍቺውን ወረቀት አይቶ ስማችንን ለየብቻ ጻፈ። ልጃችንን ስንድር እኔ በሴቶቹ በኩል፣ እርሱ በሩቅ ቆመን፣ አንድ ላይ ሆነን ሳንመርቃት ሄደች። እያንዳንዱን ነገር ስናደርገው ትንሽ ነገር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ፍቅሩ አላለቀም፤ ጉርብትናውን ግን ለመድነው፤ ለመልመዳችን ነው ዛሬ የማለቅሰው።

ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ ስለ ብዙ ነገር አሰብኩ። ጥጥ ማን ይመታልኝ ይሆን አልኩ። ከዳንኩ ቁልቢ እሄዳለሁ አልኩ። ይህን ቤት ግን፣ እውነቱን እናገራለሁ፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። የማስበው ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የምሰማውን የአብተውን ሳል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቤት ስጠብቅ ኖሬ፣ ሞት አፋፍ ላይ ስደርስ የናፈቀኝ ሳል ሆነ።

ሦስተኛ፤ በእጄ ስላለ የሰው ንብረት።

የደራዋ ወይዘሮ በድሪያ ለምትድራት ልጇ ፍራሽ አዝዛኝ ነበር። ሰፍቼ የጨረስኩት እርሱን ነው፤ ወደ ሐኪም ቤት የተወሰድኩትም በእርሱ ላይ ነው። ሕመምተኛ የተኛበትን ለሙሽራ አልሰጥም። ከራሴ ጥጥ ሌላ እንዲሰፋላት፣ ጥጡም በደንብ ሳይፍታታ እንዳይጠቀጠቅ አዝዣለሁ። ሻሸመኔ ካለ ሰው የተቀበልኩት ሁለት ኩንታል ጥጥ በጓዳዬ ነው፤ ሳይነካ ይመለስለት። የማንም ሌላ ዕዳ የለብኝም፤ አለብሽ የሚል ቢመጣ ሸዋወርቅ ታውቃለችና እርሷ ትመልስለት። ምላሷ ከእኔ አይተናነስም።

አራተኛ፤ ስለ አብዱልመናንና ስለ ባለቤቱ ዙለይካ።

ለአብዱልመናን የጥጥ መምቻዬን ሳይቀር ልሰጠው አስቤ ነበር። ደሊል ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ምንም አይወስድም አለኝ። አብዱልመናንን ከሁለት አንዱን ምረጥ ብለው ምስክርነቱ ይበቃኛል አለ። እንግዲህ ሕይወቴን ላተረፈልኝ ሰው ምንም ሳልተውለት እሞታለሁ።

ዙለይካ ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ምግቤን ያበሰለችው እርሷ ናት። የእኛ ሰው የእስላም ሥጋ አይበላም፣ የእነርሱም የእኛን አይበሉም፤ ይህን ሁላችንም አውቀን ነው የምንኖረው። ዙለይካ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዝታ፣ ክዳኑ ላይ ክር አስራ ምልክት አድርጋበት፣ የምስር ሾርባና አጥሚት ሠርታ ታመጣልኝ ነበር። እኔ ሳልጠይቃት ነው ያደረገችው። ድስቱ እኔ ጓዳ ነው ያለው። የእርሷ ስለሆነ ውርስ አይባልም፤ ይመለስላት። ክሩ እንዳይፈታ። ወደፊት ሌላ ክርስቲያን ጎረቤቷ ቢታመም ያስፈልጋታል።

አምስተኛ፤ ለልጄ ለአሰለፈች።

የልብስ ስፌት መኪናዬ፣ የአንገት መስቀሌ፣ ሁለቱ ጥበብ ቀሚሶቼና ያልተነካው የአቡጀዲ ጣቃ የልጄ የአሰለፈች አብተው ናቸው። የወርቅ የጆሮ ጌጤን አትፈልጊው፤ በገጠመን ችግር ሸጬዋለሁ፤ ማንም አልሰረቀሽም። ምክሬ አንድ ነው። ባልሽ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ዘወትር አንድ መላ አያጣም። ለሱቁ ሲባል፣ ለፈቃዱ ሲባል፣ ለጊዜው ነው እያለ ወረቀት ላይ ያልሆነውን ሆነናል እናስብል ቢልሽ፣ እሺ አትበዪው። የሚቀር ነገር ይቅር። አባትሽንም አታሳዝኚው፤ በሠርግሽ ቀን በሩቅ የቆመው ስላልወደደሽ አልነበረም።

ስድስተኛ፤ ስለዚህ ቤት።

ይህን አንቀጽ አስቀድሜ አስቤ ያቆየሁት እንዲህ ነበር። ቤቴን ለልጄ ለአሰለፈች አውርሻለሁ። ይህን ስናገር አቶ ደሊል ብዕሩን አስቀመጠ። አሰለፈች ሻሸመኔ ከባሏ ጋር ቤት አላት አይደለም ወይ አለኝ። አላት አልኩ። እንግዲያው አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው፤ ይህን ልትወስድ ብትፈልግ ያንን ትለቃለች አለ። ልጄ ሐኪም ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለች በነገር መሐል ነግራኝ ነበር፤ ሱቃቸው እዚያ ነው፣ የባሏ እናት እዚያ ናቸው፣ ሻሸመኔን ትተው የትም አይመጡም። ለልጅ ልጄስ ብለው፣ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ሕፃን እንደ እነርሱ ይቆጠራል አለኝ። ለአብተውስ አልኩ። አብተው የራሱ ቤት አለው።

እንግዲያው ለማን ልስጠው አልኩት። ደሊልም፣ ቤት የሌለው የቅርብ ወራሽ ከሌለሽ ስትሞቺ ለመንግሥት ይገባል አለ።

"ያን ጊዜ ፍቺውን ስትጽፍልን ለምን አልነገርከንም?" አልኩት።

"ያን ጊዜ ስለ መሞት ማን ጠየቀኝ?" አለ።

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅነውም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ይህን ተረት ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ ለሰውም ተርቼበታለሁ። ያን ክረምት ግን አላስታወስኩትም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነው ቤት የማንም ሊሆን አይችልም። ያኔ ብንሰጣቸው ኖሮ ዛሬም ያው በእጃቸው ነበር፤ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ባል ይኖረኝ ነበር። ይህን ሳስብ የምጮህበት ሰው የለኝም። በደሊል ላይ ብጮህ ጻፍ ያልነውን ነው የጻፈው። አባቴ ሞቷል። መንግሥት ላይ አይጮህም።

ስለዚህ ይህ አንቀጽ ባዶ ነው። ባዶነቱ እንዲታወቅ ይጻፍ ብያለሁ።

ምነው አሁን በሕይወት እያለሽ ቤቱን መልሰሽ ከአብተው ጋር በግልጽ አትኖሪም ብላ ሸዋወርቅ ጠየቀችኝ። እኔም ከሐኪም ቤት የወጣሁ ሰሞን ይህን ለአብተው አንስቼበት ነበር። ብንመልስ ለምን ዛሬ ይሉናል፤ ዘጠኝ ዓመት ዋሽታችሁናል ይሉናል፤ የምንኖርበትንም ይወስዱታል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት አልችልም አለ። ደሊልም ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም ይላል። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁበትም። ሞት አፋፍ ደርሼ ተመልሻለሁና እኔ ብዙ ነገር አልፈራም፤ እርሱ ግን እዚያ አልደረሰም፤ ለመፍራቱ ምን እለዋለሁ?

ሰባተኛ፤ ለባሌ ለአብተው ተክለሃይማኖት።

ያንን ወደ ሐኪም ቤት የተወሰድኩበትን ፍራሽ ለአብተው ሰጥቻለሁ። እኔ ውስጥ ተኝቼ ሳለሁ እርሱ ከደጅ ከበሩ አጠገብ ያንኑ አንጥፎ ሲተኛ እንደነበር ዙለይካ ነገረችኝ። ዘበኞቹ ማን ነህ ሲሉት ምን እንደመለሰላቸው አልጠየቅኳትም። አልጋዬን፣ ብርድ ልብሶቼን፣ ራዲዮኔንም ይውሰድ። ራዲዮኑ ባትሪው ሲደክም አናቱን መታ ማድረግ ነው።

አብተው፣ ይህ ሲነበብልህ እኔ የለሁም። በሐኪም ቤት ያልካትን ቃል መስማቴን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፤ በሕይወት እያለሁም አልነግርህም። ብነግርህ ትሞትብኛለህ ብዬ ነው። ሰምቻታለሁ። አዝኜባታለሁ፤ አላዘንኩም ብል ዋሸሁ። ነገር ግን እኔ በአንተ ቦታ ሆኜ ጫማህን ይዤ ብቆም፣ ያ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቢቆም፣ ከዚያ የተለየ ቃል ከአፌ ይወጣ ነበር ብዬ አልምልም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መጮህ እየቻልን ዝም ብለን አረጀን። አሁንም ምን ማድረግ እንደነበረብን አላውቅም።

ስምንተኛ፤ ስለ ቀብሬ።

እንደ ደንቡ ከሄደ፣ ስሞት ዕድሩ ድንኳኑን የሚተክለው በዚህ ግቢ ነው። ሐዘንተኛ ተብላ የምትቀመጠው ልጄ ብቻ ናት። አብተው ከዕድርተኞቹ ጋር መጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እግዜር ያጥናሽ ብሎ ለልጁ ይነግራታል፤ ማታ ተነስቶ በመንገድ በኩል ዞሮ ቤቱ ይገባል። ሐኪም ቤት ሳለሁ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር። ስፌቱ አልነበረም።

ስለዚህ ደሊልን አንድ ነገር ጠየቅሁት። እኔ ስሞት ይህ ቤት ለመንግሥት ከገባ፣ የሚደበቅ ሁለተኛ ቤት ቀረ ወይ አልኩት። አልቀረም አለ። እንግዲያው አብተው ያን ጊዜ ባሏ ነኝ ቢል ምን ይወስዱበታል አልኩት። ቢያስብ ቢያስብ የሚወስዱበት አላገኘም። የሞተች ሚስት አለችኝ ብሎ የታሰረ ሰው አላውቅም አለ።

በዚህ መሠረት የመጨረሻ ፈቃዴ ይህ ነው። ሬሳዬ ከአባቴ ቤት አይውጣ። በጓሮ በኩል የተመታችው በር ትከፈትና በዚያ በኩል ወደ አብተው ቤት ልግባ፤ ተገንዤ ከአብተው ቤት፣ በአብተው በር ልውጣ። ድንኳኑ በእርሱ ግቢ ይተከል። አብተው ከሐዘንተኛ ቦታ ይቀመጥ። እግዜር ያጥናህ የሚሉት እርሱን ይሁን።

ይህን አንቀጽ በሰው ላይ በግድ ጭኜ እንዳልሞት አብተው ተጠርቶ እንዲጠየቅ አደረግሁ። ከመንገድ በኩል ዞሮ መጣ፤ አንኳኩቶ ገባ፤ ቆቡን አወለቀ። ያለፈው ሁሉ አልተነበበለትም፤ ቄስ ገብረወልድ ስምንተኛውን ፈቃዴን ብቻ በቃላቸው ነገሩት። ከአጠገቤ ሳይቀመጥ ቆመ።

"ትቀበለኛለህ?" አልኩት። ሰው ፊት አንተ ካልኩት ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ወደ እኔ አልነበረም የተመለከተው፤ ወደ አራቱ ምስክሮች ነው።

"ሚስቴ ናት" አለ። "ከቤቴ ትወጣለች።"

ከዚያ በኋላ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሸዋወርቅ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። አብዱልመናን ወደ በሩ ሄዶ ደጁን አየና ተመለሰ። ደሊል ይጻፍ ወይ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ፤ ይጻፍ አልኩ። እኔ ግን ያን ሰዓት መስኮቱ ክፍት ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኝ ነበር። የሆነው ሆኖ አብተው ቆቡን ደፍቶ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደህና ይሁኑ ብሎኝ፣ በመጣበት መንገድ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከላይ ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ የለም። በቀበሌው መሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ስሜን በገዛ እጄ ጽፌአለሁ።

ጥሩነሽ ባጫ

የምስክሮች ቃል።

እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው አራት ሰዎች፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ባጫ በሙሉ አእምሮዋ ሆና ይህን ስትናገር በአንድነት ተቀምጠን አድምጠናል፤ የተጻፈውም በእርሷና በእኛ ፊት ተነቧል። የተናገረችውን ሁሉ ሰምተናል። አቶ አብተው ተክለሃይማኖት የተናገሩትን ግን ይህ ኑዛዜ እስኪከፈት ድረስ አልሰማንም።

ቄስ ገብረወልድ፣ የነፍስ አባት፤ ፊርማ
ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ወዳጅ፤ የጣት አሻራ
አብዱልመናን፣ ሾፌር፤ ፊርማ
ደሊል፣ ጸሐፊና ምስክር፤ ፊርማ